ያለ መርዶ ነጋሪ የደረሰ መርዶ

ማክሲም ጐርኪ የተባለው የሩስያ ደራሲ የገዛ ሕይወቱን ታሪክ በሦስት መጻሕፍት ከፍሎ ጽፏል። የመጀመሪያው «ልጅነት» እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1913 እስከ 1914 በጋዜጣ ላይ ወጣ። ሁለተኛው፥ ርእሱ በሰው ቤት ተቀጥሮ ማደርን የሚያመለክተው፥ በ1915 እና በ1916 ተከተለ። ሦስተኛው «የእኔ ዩኒቨርሲቲዎች» በ1923 ታተመ። ከዚህ በታች የሚጠሩትም ዓመታት ሁሉ በዚያው አቈጣጠር ናቸው። ጐርኪ ማለት በቋንቋቸው መራራ ማለት ሲሆን፥ ደራሲው ለብዕሩ የመረጠው ስም ነው እንጂ ወላጆቹ ያወጡለት ስም አሌክሴይ፥ የቤተ ሰቡም መጠሪያ ፔሽኮቭ ነበረ።

ሦስቱን መጻሕፍት ያነበበ ሰው በውስጣቸው ከሚመላለሱት ብዙ ሰዎች መካከል አንዲቱን ከቶ አይረሳም። እርስዋም የደራሲው የእናቱ እናት አኩሊና ኢቫኖቭና ናት። ዳንቴል ሠሪ፥ ተረት ዐዋቂ፥ ወፍራም፥ ሳቂታ ሴት ናት፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በእርስዋ የተሞላ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል የተወደደች ሴት ስትሞት አንባቢ ትልቅ ልቅሶ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ዳሩ ግን በሦስተኛው መጽሐፍ ለሞትዋ የተሰጣት ቦታ አንድ ገጽ እንኳ በቅጡ አይሞላም። በዚህ ቅር የተሰኙ አንባቢዎች ይኖራሉ፤ ደራሲውን ጨካኝ ነው የሚልም አይታጣም። ጭካኔ ነው ወይስ ሌላ ነገር የሚለውን ለመፍረድ ግን ያን ገጽ ቀስ ብሎ ማንበብ ይገባል።

ዘመኑ 1887 ነው። ጐርኪ ዕድሜው ወደ ዐሥራ ዘጠኝ ተጠግቶ በካዛን ከተማ በአንድ ዳቦ ቤት ይሠራል። ወደዚያች ከተማ የመጣው በዩኒቨርሲቲዋ ለመማር ተስፋ አድርጎ ሲሆን፥ የጠበቀው ግን ዱቄትና ምድጃ ነበረ፤ የመጽሐፉ ርእስ በዚህ ላይ የተነገረ የምሬት ቀልድ ነው። አንድ ቀን ከዘመዱ አጭር ደብዳቤ ይደርሰዋል። ጐርኪ ደብዳቤው ነጠላ ሰረዝ እንኳ እንዳልነበረበት ያስታውሳል። በዚያ ደብዳቤ እንደ ተጻፈው አያቱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ምጽዋት ስትለምን ወድቃ እግርዋ ተሰበረ፤ በስምንተኛው ቀን ስብራቱ ወደ መበስበስ ተለወጠና ሞተች። ይህን ሥጋን በቁሙ የሚገድል ደዌ የሩስያ ባላገር የእንጦንስ እሳት ይለዋል፤ ደብዳቤውም የጠራው በዚሁ ስም ነው። ቀብርዋን የሸኙት ዘመዶችዋና ለማኞቹ ናቸው፤ ለማኞቹ ይወዷት ስለ ነበረ አለቀሱ። ሽማግሌው ባልዋም ሁሉን ከመቃብሩ አባርሮ ብቻውን ሲያለቅስ የልጅ ልጆቹ ከቍጥቋጦ ውስጥ ሆነው አዩት። ደብዳቤው ለጐርኪ የደረሰው ከተቀበረች ሰባት ሳምንት ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ደራሲው ስለ ራሱ የሚናገረው ጥቂት ነው። አላለቀሰም፤ የበረዶ ነፋስ እንደ መታው ያለ ብርድ ብቻ ተሰማው። በሌሊት በግቢው ውስጥ በተከመረ የማገዶ እንጨት ላይ ተቀምጦ ስለ አያቱ ለአንድ ሰው ለመንገር ብርቱ ምኞት ያዘው። የሚሰማው ሰው ግን አልነበረም። ምኞቱን ብዙ ቀን በልቡ ተሸክሞ ዞረ፤ በመጨረሻም ሳይነገር በውስጡ ተቃጥሎ ዐመድ ሆነ። ይኸው ነው። የሚቀጥለው አንቀጽ በዳቦ ቤቱ ዙሪያ እንደ ጭልፊት ስለሚያንዣብብ አንድ የከተማ ፖሊስ ይተርካል።

ሰባት ሳምንት አርባ ዘጠኝ ቀን ነው። የሩስያ ቤተ ክርስቲያን ሙታንዋን በሦስተኛው፥ በዘጠነኛውና በአርባኛው ቀን ታስባለች፤ እንግዲህ ደብዳቤው የደረሰው ከአርባው በኋላ ነው። ደራሲው ይህን ቀን ቈጥሮ እንደ ጻፈ የሚያሳይ ቃል በመጽሐፉ የለም። ሣልስትን፥ ሰባትን፥ አርባንና ሰማንያን እየቈጠረ ያደገ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ግን ማንም ሳያዘው ይቈጥረዋል፤ ከቈጠረም በኋላ የዚያ ወጣት መከራ በሌላ መልክ ይታየዋል። ሐዘኑ የሚያርፍበት ቀን አልቀረለትም። ጸሎቱ ተደርጓል፤ ለማኞቹ አልቅሰው ተበትነዋል፤ መቃብሩም ምናልባት ሣር ማብቀል ጀምሯል። ሌላው ሁሉ ወደ የሥራው ሲመለስ፥ እርሱ ገና መስማቱ ነው።

በሐበሻ ልማድ የቅርብ ዘመድ ሞት እንዲህ በወረቀት ብቻ አይነገርም። ወዳጆች አስቀድመው ይመካከራሉ፤ የሚያረዱት ሰዎች ይመረጣሉ፤ ሰውየው ለሥራ ሳይወጣ ማልደው ከቤቱ ይደርሳሉ። እንዲህ ባለ ሰዓት ሽማግሌዎች ተሰብስበው ደጁን ሲመቱ ያየ ሰው ቃል ሳይነገረው መርዶ መሆኑን ያውቃል። ሙቱ ከተቀበረ ዓመት ያለፈው ቢሆን እንኳ ለተረዳው ሰው ልቅሶው የሚጀመረው በዚያ ጧት ነው፤ ጎረቤትም የሚመጣው እንደ ትናንት ሙት ቈጥሮ ነው። ወሬውና አልቃሹ በአንድ በር አብረው ይገባሉ። ዛሬም በአሜሪካ ወይም በዐረብ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወሬውን በስልክ ቀድመው ሲሰሙ ለባለ ጉዳዩ ደብቀው እስኪሰበሰቡ የሚቈዩት ስለዚህ ነው። አንዳንድ ሰው ይህን የኋላ ቀር ሰዎች ልማድ አድርጎ ያየዋል፤ በማገዶ ክምር ላይ የተቀመጠውን ወጣት ካነበበ በኋላ ግን እንዲህ ለማለት ጥቂት ያመነታል። ጐርኪን መርዶው የደረሰው ያለ መርዶ ነጋሪ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ለአያት የሚለቀሰው ልቅሶ በየአገሩ አጭር ነው። ሰው ሁሉ ዕድሜዋን ጠግባለች፥ የልጅ ልጅ አይታለች ይላል፤ ይህ ቃል በደግነት የተነገረ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ እንግዲህ ተነሥና ወደ ሥራህ ሂድ የሚል ትእዛዝ አለበት። እናት የሞተችበት ሰው ብዙ ቀን ቢያዝን ማንም አይገረምም፤ አያት የሞተችበት ጐልማሳ ግን በሳምንቱ ሲተክዝ ቢታይ ሌላ ምን ሆኖ ነው ተብሎ ይጠየቃል። የጐርኪ አባት በ1871 በኮሌራ ሲሞት ልጁ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበረ፤ እናቱም በ1879 ሞተች። ስለዚህ ደብዳቤው አያት ይበል እንጂ የነገረው የእናት ሞት ነው።

ጐርኪ አለማልቀሱን ሲጽፍ የሚያስታውሰው አንባቢ ካለ፥ ይህ ነገር በመጀመሪያው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ተዘጋጅቶ ነበረ። በአባቱ ቀብር ቀን ዝናብ ይዘንባል፤ በጕድጓዱ ውስጥ ውሃ ቋጥሯል፤ ሁለት እንቍራሪቶች በሬሳ ሣጥኑ ክዳን ላይ ወጥተዋል፤ ቀባሪዎቹ ዐፈሩን ሲመልሱ ሕፃኑ የሚያስበው እንቍራሪቶቹ ይወጡ እንደ ሆነ ነው። ከቀብሩ ሲመለሱ አያቱ ለምን እንዳላለቀሰ ትጠይቀዋለች፤ ማልቀስ መልካም እንደ ነበረም ትነግረዋለች። ሕፃኑ ልቅሶ እንዳልመጣለት ይመልሳል። እርስዋም ካልመጣልህ ይቅር ብላ ዝም ትላለች። በዓለም ላይ አላለቀስህም ብላ ያልተቈጣችው ሰው እርስዋ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ የእርስዋን ሞት ሰምቶ እንደ ገና ልቅሶ አልመጣለትም፤ ይቅር የምትለው ግን የለችም። ደራሲው ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቃል አላገናኛቸውም፤ አንባቢው ራሱ እንዲያገናኛቸው ትቷቸዋል። ጭካኔ የሚመስለው አጭርነት ሲመረመር እንዲህ ያለ ነገር ይገኝበታል።

በዚያው ገጽ ጐርኪ የአንቶን ቼኾቭን አንድ አጭር ታሪክ ያነሣል። ታሪኩ በጥር 1886 በአንድ የፒተርስቡርግ ጋዜጣ የወጣ ሲሆን፥ ኢዮና ስለሚባል አንድ የበረዶ ጋሪ ነጂ ሽማግሌ ይናገራል። ኢዮና ልጁ ከሞተ ሳምንት ሊሆነው ነው። ለሚሳፈሩት ሁሉ ሊነግር ይሞክራል፤ መኰንኑ ይቸኵላል፥ ሦስቱ ሰካራም ጐልማሶች ይሰድቡታል፥ በማደሪያው ያገኘው ወጣት ነጂ ውሃ ጠጥቶ ተመልሶ ይተኛል። ሽማግሌው የሚፈልገው ልጁ እንዴት እንደ ታመመ፥ ሳይሞት ምን እንዳለ፥ ልብሱን ከሐኪም ቤት ለመውሰድ እንዴት እንደ ሄደ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መናገር ነው፤ ሰሚውም አብሮ እንዲያለቅስለትና ወይ ጉድ እንዲልለት ነው። በመጨረሻ ወደ ጋጣው ገብቶ ድርቆሽ ለምትበላው ፈረሱ ሁሉን ነገራት። ጐርኪ ይህን ታሪክ እጅግ እውነተኛ ነው ይለዋል፤ ያነበበው ግን አያቱ ከሞተች ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በሐዘኑ ጊዜ ፈረስ ወይም ውሻ ባለመኖሩ፥ በዳቦ ቤቱም ውስጥ በወዳጅነት አብረውት ይኖሩ ለነበሩት ብዙ አይጦች ለመንገር ባለማሰቡ ይጸጸታል።

ይህ የአይጦቹ ነገር ቀልድ ነው። ነገር ግን በሦስቱ መጻሕፍት ውስጥ እንዲህ ያለ የሚያስለቅስ ቀልድ በቍጥር ነው። ደግሞም አንድ የሚያስገርም ነገር አለበት፤ የቼኾቭ ታሪክ ደብዳቤው ከመጻፉ ከአንድ ዓመት በፊት ታትሞ በአገሩ ነበረ። ለዚያ ወጣት የተጻፈ የሚመስል ነገር በጋዜጣ ላይ ተኝቶ ሳለ እርሱ ሰሚ አጥቶ በእንጨት ላይ ተቀምጦ ነበረ።

ኢዮና ፈረስ ነበረችው፤ አኩሊና ኢቫኖቭናስ ለማን ትነግር ነበር? ለዚህ ጥያቄ «ልጅነት» ሙሉ መልስ ይሰጣል፤ ከመጽሐፉም ገጾች ሁሉ የተመረጡት እነዚህ ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሮጊቲቱ በየሌሊቱ በሥዕለ ማርያም ፊት ተንበርክካ፥ በመጽሐፍ የተጻፈውን ጸሎት ከፈጸመች በኋላ፥ በቤቱ ውስጥ የዋለውን ነገር ሁሉ አንድ ሳታስቀር ለእግዚአብሔር ትነግራለች። ወንዶች ልጆችዋ ስለ ርስት መጣላታቸውን፥ የልጅዋን የቫርቫራን መከፋት፥ የባልዋን ክፉ ጠባይ፥ ሁሉን እንደ ጎረቤት ታወራለታለች፤ እንዲህ ቢሆንስ ብላ ትመክረዋለችም። ሕፃኑ በሰፊው አልጋ ላይ ተኝቶ ይሰማታል። ሕፃኑ በቤቱ ውስጥ ሁለት አምላክ ያለ ይመስለዋል፤ አንዱ የሚያስፈራው የወንድ አያቱ፥ ሁለተኛው ሁሉን የሚሰማ ወዳጅ የሆነው የአያቱ ነው። ጐርኪ በኋላ ዘመኑ ከቤተ ክርስቲያን የራቀ ሰው ስለ ሆነ መጻሕፍቱን በጥርጣሬ የሚያይ ካህን ቢኖር አያስደንቅም፤ ይሁን እንጂ ስለ አንዲት ያልተማረች ሴት ጸሎት ከዚህ የበለጠ የጻፈ ሰው በዘመኑ ብዙ አይገኝም።

እንግዲህ የጐርኪ ጉድለት ምን እንደ ሆነ ይታወቃል። የቀረበት ዕንባ አይደለም። አያቱ በየሌሊቱ ስታደርገው ያያት ነገር፥ ይኸውም የዋለውን ሁሉ የሚሰማ አግኝቶ መንገር፥ እርሱ በዚያ ሌሊት ሊያደርገው አልቻለም። የእርስዋ ሰሚ ለእርሱ ሰሚ መሆኑ ቀርቷል፤ በምትኩም ሌላ ሰው ገና አላገኘም።

ከዚህም ጋር ሥራው አለ። ሊጥ ሐዘንተኛን አይጠብቅም። የጋጋሪ ሥራ የሌሊት ሥራ ነው፤ ቡኮው ከቦካ ማቡካትና መመዘን፥ ከተመዘነ ማድበልበል፥ ምድጃው ከጋለ ማስገባት ግድ ነው፤ ሲነጋም ጐርኪ ትኩሱን ዳቦ በቅርጫት ተሸክሞ ወደ ደንበኞቹ ይሮጣል። ከደንበኞቹም መካከል ለጧት ሻያቸው ዳቦ የሚጠብቁ የመንፈሳዊ አካዳሚው ተማሪዎች ነበሩ። ያ ደብዳቤ በኪሱ ሳለ ለነዚያ የወደፊት ካህናት ዳቦ ያደረሰበት ጧት ሳይኖር አይቀርም፤ ደራሲው ግን ይህን አልጻፈም፤ ሃያሲም በእርሱ ፈንታ ሊጽፍለት አይገባም። የጻፈው ሌላ ነገር ነው፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ በገዛ እጁ ሊሞት ሞክሮ እንደ ዳነ፥ ከአንድ ወር በኋላም እያፈረና ራሱን እንደ ሞኝ እየቈጠረ ወደ ዳቦ ቤቱ እንደ ተመለሰ በጥቂት ቃል ያመለክታል። ይህን ከአያቱ ሞት ጋር አያይዞ አልተናገረም፤ ምክንያቱን አንድ አድርጎ ማሰር የአንባቢ ድፍረት ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከሞት ደጅ ወደ ሊጥ መመለሱ፥ ሁለቱንም ጊዜ ስለ መመለሱ የጻፈው ቃል ስለ ሐዘኑ ከጻፈው ማነሱ፥ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ወደ ዕለት ኑሮ መመለስ ለደኸየ ሰው ምርጫ አይደለም፤ ስለዚህም ብዙ አይወራለትም።

የዚህን ገጽ ዋጋ ለመመዘን ሌላ መጽሐፍ አጠገቡ ማኖር ይጠቅማል። የጐርኪ ሦስተኛ መጽሐፍ ከመታተሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1922፥ ፈረንሳዊው ማርሴል ፕሩስት «የጠፋውን ዘመን ፍለጋ» ከሚለው ረጅም ሥራው አንዱን ክፍል አወጣ፤ በዚያው ዓመት በኅዳርም ሞተ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ተራኪ ሴት አያቱ ከሞተችበት ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሞትዋን ነገር በቀደመው ክፍል በዝርዝር ተርኮታል፤ ደዌዋ በመናፈሻ ውስጥ እንዴት እንደ ያዛት፥ ሐኪሞቹ ምን እንዳሉ፥ ሁሉ ተጽፏል። ዕንባ ግን የለም። ተራኪው ወደ ግብዣው፥ ወደ መኳንንቱ ቤት፥ ወደ ወጣትነት ደስታው ይመለሳል፤ አንባቢውም ከእርሱ ጋር ይረሳታል። በኋላ ባልቤክ ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ፥ ቀድሞ ከአያቱ ጋር ወዳረፈበት ሆቴል ይሄዳል። በመጀመሪያው ማታ ደክሞት ጫማውን ለማውለቅ ጐንበስ ይላል። የመጀመሪያውን ቍልፍ እንደ ነካ ደረቱ በሚያስደነግጥ ነገር ይሞላል፤ ያን ጊዜ በመጡ ማታ ጐንበስ ብላ ጫማውን ያወለቀችለት አያቱ ፊትዋ ትዝ ይለዋል። እንደ ሞተች ያወቀው ገና በዚያች ቅጽበት ነው።

በፕሩስት መጽሐፍ ውስጥ ከዚህ የበለጠ ሰውን የሚነካ ቦታ ለማግኘት ብዙ መድከም ያስፈልጋል። ከጫማው በኋላ የግድግዳው ነገር ይመጣል። በፊተኛው ጊዜ የሁለቱ ክፍሎች በአንድ ስስ ግድግዳ የተለዩ ስለ ነበሩ፥ ቢያስፈልጋት ሦስት ጊዜ እንዲያንኳኳ ነግራው፥ ሲያንኳኳም ትመጣ ነበር። አሁን ያን ግድግዳ ለመንካት ይፈራል። ከዚያ ቀጥሎ የፎቶግራፉ ነገር አለ። አያቱ ወዳጁ ፎቶግራፍ ሲያነሣት ባርኔጣዋን ስታስተካክል አይቶ በእርጅናዋ መኳልዋን ንቆ አሳዝኗት ነበር፤ አሁን የቤት አገልጋይዋ በዚያን ጊዜ መታመምዋን ታውቅ እንደ ነበረ፥ ፎቶግራፉንም ያስነሣችው ለእርሱ መታሰቢያ እንዲቀር መሆኑን ትነግረዋለች። እንዲህ ያለውን ነገር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሙት የሚወቅሰን በሠራነው ትልቅ በደል ብቻ አይደለም፤ በአንድ ባርኔጣ ላይ በተሰነዘረ ቃልም ነው።

ይሁን እንጂ ሁለቱን ደራሲዎች ማመዛዘን ሲያስፈልግ፥ ፕሩስት ሐዘኑን የሚያዳምጥበት ክፍል፥ የሚዘጋው በር፥ የሚጠራው አገልጋይ እንዳለው መዘንጋት አይገባም። ለጐርኪ ያለው የግቢ እንጨት ነው። የፕሩስት ሐዘን የዘገየው ልብ በራስዋ ጊዜ ስለምትሄድ ነው፤ የጐርኪ ሐዘን ሰሚ ያጣው ፖስታው ስለ ዘገየና ሊጡ ስለ ቸኰለ ነው። ደግሞ ፕሩስት አንድ የሚያስመሰግን እውነት ተናግሯል። የተራኪው እናት፥ የሟቺቱ ልጅ፥ የእናትዋን ልብስ ለብሳ፥ የእናትዋን መጽሐፍ ይዛ ወደ ባልቤክ ስትመጣ፥ ሟቺቱን ራስዋን መስላ ትታየዋለች፤ ያን ጊዜ የእርሱ ሐዘን ከእናቱ ሐዘን አጠገብ ቢቀመጥ ለጊዜው የሚቈይ ብቻ መሆኑን ያምናል። እውነትም ጥቂት ቈይቶ ያበቡ የፖም ዛፎች ያያል፥ ወደ ወዳጆቹም ይመለሳል። በዚህ አያፍርም፤ አንባቢም ሊያሳፍረው አይገባም።

ወደ ጐርኪ ስንመለስ ግን አንድ ነቀፌታ ሳይነገር መቅረት የለበትም። በዚያች አጭር ገጽ ውስጥ ስለ ሐዘኑ ከሚናገረው በፊት ቍጣው ይገባል። ጤነኞችና ወጣቶች የሆኑ የልጅ ልጆችዋ በአሮጊቲቱ ትከሻ ላይ ተቀምጠው የለመነችውን እንደ በሉ፥ ሐኪም ለመጥራት እንኳ ማስተዋል እንዳልነበራቸው በኋላ መስማቱን ይጽፋል። ነገሩ እውነት ይሆናል፤ ያስቈጣልም። ነገር ግን እርሱ ራሱ በካዛን እንጂ በአጠገብዋ አልነበረም፤ ስለዚህም አንድ ቃል አልተናገረም። የበለጠ የሚያስደንቀው ደግሞ በዚሁ መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ወደ ካዛን ሲሄድ የሰጠችው የመጨረሻ ምክር ነው፤ በሰዎች ላይ ቍጣ እንዳያበዛ፥ ይህ ጠባይ ከወንድ አያቱ የወረሰው መሆኑን ነግራው ነበር። የሞትዋን ነገር ሲጽፍ መጀመሪያ ያደረገው እርስዋ አታድርግ ያለችውን ነው። ደራሲው ይህን አውቆ ያደረገው ከሆነ ብልኀት ነው፤ ሳያውቅ ያደረገው ከሆነም አሮጊቲቱ በትክክል ታውቀው ነበር ማለት ነው።

በዚያ የመለያየት ቦታ ግን ከሞቱ ገጽ የበለጠ ልቅሶ አለ። በመጨረሻው ዘመን ከእርስዋ ርቆ፥ እምብዛም ሳያያት ቈይቶ ነበር። በመርከቡ ኋላ ቆሞ በወደቡ ዳር ሲያያት በአንድ እጅዋ ታማትባለች፥ በሁለተኛው እጅዋ በአሮጌ ሻሽዋ ጫፍ ፊትዋን ትጠርጋለች። ያን ጊዜ እንዲህ የቀረበ ሰው ዳግመኛ እንደማያገኝ በድንገት ተሰማው። እንግዲህ የአያቱን ሞት አስቀድሞ ያለቀሰው በመርከብ ላይ ነው፤ ደብዳቤው ሲደርስ የቀረው መንገር ብቻ ነበረ።

ያ ያልተነገረው ነገር በውስጡ ተቃጥሎ አለቀ ብሎ ደራሲው ሲጽፍ ማመን የሚያስቸግረው ስለዚህ ነው። ይህን ቃል በ1923 ሲያሳትም፥ ስለ አያቱ ለዓለም ሁሉ መንገር ከጀመረ ዐሥር ዓመት ሞልቶት ነበር። በሁለተኛው መጽሐፍ አያቱ በሌሊት ይዛው ወጥታ በድኾች መስኮት ላይ አንድ ሳንቲምና ሦስት ጠምዛዛ ዳቦ እያኖረች፥ እያማተበች በዝምታ ታልፋለች፤ ባለቤቶቹ ማን እንዳኖረላቸው አያውቁም። በልጅነትዋ ከአካለ ስንኩል እናትዋ ጋር እየለመነች ያደገችው፥ በመጨረሻም ስትለምን የሞተችው ይህች ሴት፥ በመካከል እንዲህ ያለ ሌሊት ነበራት። ያን ሌሊት አብሮዋት የሄደው ልጅ በካዛን መጀመሪያ የተቀጠረው እንዲሁ ያለ ጠምዛዛ ዳቦ በሚጋገርበት ቤት ነው። ደራሲው ይህንም አላገናኘም።

ከደብዳቤው ሃያ ስድስት ዓመት በኋላ፥ በ1913፥ ሰሚ ሲያገኝ ነገሩን የጀመረው ከሞትዋ አይደለም። የጀመረው ከመምጣትዋ ነው። የአባቱ ሬሳ በወለሉ ላይ ተዘርግቷል፤ እናቱ የባልዋን ጠጕር ታበጥራለች፤ አንዲት የማያውቃት ወፍራም ሴት የሕፃኑን እጅ ይዛ ታለቅሳለች። ሕፃኑ ከየት በእግር እንደ መጣች ይጠይቃታል። እርስዋም ከላይ፥ ከኒዥኒ መምጣትዋን፥ የመጣችውም በእግር ሳይሆን በመርከብ መሆኑን፥ በውሃ ላይ የሚራመድ ሰው እንደሌለ ትመልስለታለች። ሕፃኑ ነገሩ አልገባውም፤ ቢሆንም አሳቀው።